386 መስመር፦ የአንድ ባሕር መዝገብ ወደ ዲጂታል ካታሎግ የተሻገረበት የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ደሴ

ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ዛሬ ጠዋት ተረክበን ሥራውን ጀመርን። ስብስቡ ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አሮጌ የድንጋይ ቤት የተቀመጠ አነስተኛ የቅርስ ስብስብ ነው፤ የሥራው ባለቤቶችም ሦስት ነን፦ እኔ፣ ኮምፒውተር በደንብ የምትችል ባልደረባዬ እና ዕቃ ቤቱን ለረጅም ዓመታት የጠበቁት፣ ሁላችንም ጋሼ ብለን የምንጠራቸው አዛውንት። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም እስከ አራት ሰዓት ድረስ መስኮቱን ሸፍኖት ስለነበር፣ የመጀመሪያውን ቀን ፎቶ በማንሳት ፈንታ በንባብ አሳለፍነው።

የምናነበው አንድ ባሕር መዝገብ ነው። ከቁጥር 1 እስከ 386 የሚደርሱ መስመሮች ያሉት ሲሆን፣ ዓምዶቹ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የተገኘበት ቦታ እና ምርመራ ይላሉ። በምርመራ ሥር ከተጻፉት ቃላት አብዛኞቹ «ጥሩ» የሚሉ ናቸው። ከዚሁ ጋር፣ ከዓመታት በፊት ተጀምሮ ከቆመ የዲጂታል ሙከራ የተረፈ አንድ ሃርድ ዲስክ ተሰጥቶናል፤ በውስጡ 1,140 ፎቶዎች አሉ። ፎቶዎቹ በጥራታቸው አያሳፍሩም። ነገር ግን በአንዳቸውም ላይ የመዝገብ ቁጥር የለም፤ የፋይሎቹ ስም ካሜራው ራሱ የሰጠው ተራ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሥራው በሁለት ካሜራ የተሠራ በመሆኑም አንድ ዓይነት ስም ያላቸው የተለያዩ ፋይሎች በየፎልደሩ ተቀምጠዋል። በፎቶዎቹ ውስጥ አሥራ አንድ ጀበና ቆጥረናል፤ ባሕር መዝገቡ ላይ ደግሞ ጀበና የሚል መስመር አሥራ አራት ቦታ አገኘን። የትኛው ፎቶ የየትኛው መስመር እንደሆነ የሚነግረን ነገር የለም።

የሥራችንን ዓላማ ከዚህ ተነሥተን ወሰንን። በዕቃው ላይ ያለው ቁጥር፣ በመዝገቡ ላይ ያለው መስመር እና በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፋይል፣ ሰው ከየትኛውም ቢነሣ ወደ ሌሎቹ ሁለቱ የሚያደርሱት መሆን አለባቸው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጥቅምት 8

ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ምን ምን እንመዝግብ በሚለው ላይ ቀኑን ሙሉ ስንከራከር ዋልን። ባልደረባዬ ከውጭ ሙዚየሞች ቅጽ ተነሥታ ስልሳ ያህል ዓምዶች ያሉት ሰንጠረዥ አዘጋጅታ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስልሳ ዓምድ ያለው ቅጽ በሁለተኛው ሳምንት ባዶውን እንደሚቀር ካለፈው ሙከራ ተምሬያለሁ ብዬ ተከራከርኩ። በመጨረሻ ኦብጀክት አይዲ የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ መነሻ አደረግን። ይህ ደረጃ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ይፋ የሆነ ሲሆን፣ የተዘጋጀውም ሙዚየሞችን፣ ፖሊስን፣ ጉምሩክንና ኢንሹራንስ ሰጪዎችን በማማከር ነው። የሚጠይቃቸው ነገሮች ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ የዕቃው ዓይነት፣ የተሠራበት ነገርና አሠራሩ፣ ልኩ፣ በላዩ ያለ ጽሑፍና ምልክት፣ ከመሰሎቹ የሚለይበት ልዩ ምልክት፣ ርእስ ካለው ርእሱ፣ የሚያሳየው ጉዳይ፣ ዘመኑ እና ሠሪው። በዚህ ላይ ፎቶና አጭር መግለጫ ይታከላል።

ከዘጠኙ ውስጥ ባሕር መዝገባችን የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። «ልዩ ምልክት» የሚለው ጥያቄ በተለይ አስቆመን፤ ምክንያቱም ስለ ዕቃው ውበት ወይም ዋጋ አይጠይቅም፤ ይህን መሶብ በመቶ መሶብ መካከል ቢቀላቀል በምን ትለየዋለህ ነው የሚለው። ጋሼ ጥያቄውን ሲሰሙ ከመደርደሪያው አንድ መሶብ አውርደው፣ ከክዳኑ ጫፍ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቀዩ አለላ አልቆ በሐምራዊ የተቀጠለበትን ቦታ አሳዩን። ያ ቅጥል ካታሎጉ ውስጥ ገብቷል።

ከስፔክትረም፣ ማለትም የብሪታንያ ሙዚየሞች ከሚመሩበት የአሠራር ደረጃ፣ የወሰድነው አራቱን ሂደት ብቻ ነው፤ ገቢን፣ ቆጠራን፣ ካታሎግንና የቦታና የእንቅስቃሴ ቁጥጥርን። ሙሉው 21 ሂደቶች አሉት፤ ለሦስት ሰው ግን አራቱም ይከብዳሉ። በአገራችንም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ የምናዘጋጀው ቅጽ ለዚያም የሚጠቅም እንዲሆን አስበናል።

ጥቅምት 15

ቆጠራው ተጠናቀቀ። ከ386ቱ መስመሮች 297ቱ ቁጥራቸው ከሚነበብ ዕቃ ጋር ተገናኝተዋል፤ 89ኙ መስመሮች ዕቃ አልተገኘላቸውም፤ በአንጻሩ በመደርደሪያዎቹ ላይ ቁጥር የሌላቸው 41 ዕቃዎች አሉ። ከ41ዱ የተወሰኑት የ89ኙ ባለቤቶች እንደሚሆኑ ግልጽ ነው፤ ቁጥራቸው ተልጦ የቀሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ጋሼ የለመዱት የንብረት አያያዝ እና ሙዚየም የሚፈልገው አያያዝ የት ላይ እንደሚለያዩ በግልጽ ታየኝ። እሳቸው ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የሚባሉትን ደረሰኞች እየቆረጡ፣ ቀሪውን በቢን ካርድ፣ ማለትም በዕቃ መቁጠሪያ ካርድ፣ እያመዛዘኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በዚህ ሥርዓት አንድ ወንበር ከሌላው ወንበር ጋር እኩል ስለሆነ፣ ብዛቱ ከሞላ ሒሳቡ ትክክል ነው። ቅርስ ግን በብዛት አይያዝም። መስመር 214 «ብርሌ፣ ብዛት 12» ይላል፤ አሥራ ሁለቱም አሉ፤ ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ አንገቱ ላይ የአየር አረፋ ያለበት፣ ሌላው ቂጡ የተሸረፈ፣ ሁለቱ ደግሞ በመስታወታቸው ቀለም ከሌሎቹ የተለዩ ናቸው። አንዱ ወጥቶ በምትኩ ሌላ ብርሌ ቢገባ ቢን ካርዱ ምንም አይልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ከዋናው ቁጥር ሥር ክፍልፋይ ቁጥር ሰጠነው፤ ከ214.1 እስከ 214.12።

ሆኖም ከጋሼ ሥርዓት አንድ ትልቅ ነገር ወስደናል። እሳቸው የቆረጡትን ሞዴል አይሰርዙም፤ ስሕተት ካለ በሌላ ሞዴል ያርማሉ። የእኛም የቦታ መዝገብ እንዲሁ እንዲሆን ተስማማን፦ ዕቃ ከመደርደሪያ ሲነሣ የድሮውን ቦታ አጥፍቶ አዲሱን መጻፍ አይፈቀድም፤ ቀኑ፣ የወሰደው ሰውና የሄደበት ቦታ ያለበት አዲስ መስመር ይጨመራል።

ጥቅምት 21

ክፍልፋይ ቁጥሩ ዛሬ አዋረደን። ባልደረባዬ ሰንጠረዡን ሲኤስቪ በተባለው ተራ የጽሑፍ ፋይል መልክ አስቀምጣ ሌላው ኮምፒውተር ላይ በኤክሴል ስትከፍተው፣ በመጀመሪያ የአማርኛው ጽሑፍ በሙሉ ትርጉም በሌለው ምልክት ተተካ። ይህ የታወቀ ነው፤ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ መጻፉን ፕሮግራሙ ስላላወቀ ነውና በፋይል ማስገቢያው በኩል አስገብታ አስተካከለችው። የአማርኛው መመለስ አስደስቶን ሳለ ሌላው ጉዳት ሳናየው አለፈ፤ ፕሮግራሙ የመዝገብ ቁጥሩን እንደ ሒሳብ ቁጥር ስለቆጠረው፣ 214.10 የሚለውን የመጨረሻዋን ዜሮ ዋጋ የላትም ብሎ ጣላት። ዐሥረኛው ብርሌ 214.1 ሆኖ ከመጀመሪያው ጋር ተቀላቀለ። አሥር እና ከዚያ በላይ ክፍል ያላቸው ሌሎች ሁለት መስመሮችም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷቸዋል። ያወቅነውም ተደጋጋሚ ቁጥር የሚፈልግ ቀመር ስለሠራን ነው፤ በዓይን ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ዓመት አናየውም ነበር።

ማስተካከያው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቁጥሩ ከፊቱ ፊደል እንዲኖረውና በነጥብ ፈንታ በሰረዝ እንዲለያይ አደረግን፤ «ደሴ-0214-10» የሚል ጽሑፍን የትኛውም ፕሮግራም ደምሮ ቀንሶ አያበላሸውም። ሁለተኛ፣ ዓምዱ ከመጀመሪያው «ጽሑፍ» ተብሎ እንዲወሰን አደረግን። ዋናውንም ሰንጠረዥ ወደ ሊብሬ ኦፊስ አዛወርን፤ ፋይል ሲያስገባ የፊደሉን ዓይነትና የዓምዶቹን ጠባይ አስቀድሞ ስለሚጠይቅ ለእንዲህ ያለ ሥራ ይሻላል። ኮሌክቲቭ አክሰስን የመሰለ ነጻ የሙዚየም ፕሮግራም የመትከል ሐሳብ አለን፤ ሰንጠረዡ ሳይጠራ ግን ወደዚያ መሄድ ቆሻሻን ከትንሽ ዕቃ ወደ ትልቅ ዕቃ መገልበጥ ነው።

ጥቅምት 30

የዛሬውን ቀን ወደ ሰንጠረዡ ሳስገባ ፕሮግራሙ አልቀበልም አለኝ። 30/2/2017 ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ጥቅምት ሁለተኛው ወር ነው። ለፕሮግራሙ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ስለሆነ፣ 30 ቀን ያለው ፌብሩዋሪ የለምና ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ተወው። የሚያስፈራው ይህ አይደለም፤ የሚያስፈራው ባለፉት ሳምንታት ያስገባናቸውን ቀኖች ምንም ሳይል የፈረንጅ ቀን አድርጎ መቀበሉ ነው። ጥቅምት 4 ለእሱ ፌብሩዋሪ 4 ነበር። ጳጉሜን ቢሆንማ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ጨርሶ አያውቅም።

ፎቶዎቹ ውስጥ ካሜራው የሚጽፈው ቀን ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱም እኛ ሦስት ሰዓት ከሃያ ያልነውን ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ይለዋል። ሁለቱን ማስታረቅ አያስፈልግም፤ ጎን ለጎን ማኖር ነው የሚበጀው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ዓምድ አደረግን፤ አንዱ በዓ.ም.፣ የወሩ ስም በቃል ተጽፎ፣ እንደ ጽሑፍ፤ ሌላው ኮምፒውተሩ የሚደረድረው፣ በዓመት፣ ወርና ቀን ቅደም ተከተል በአውሮፓውያን። የዛሬው «ጥቅምት 30 ቀን 2017» እና «2024-11-09» ተብሎ ገባ። የድሮውን መዝገብ ቀኖች በተመለከተ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፉ ካላረጋገጥን አንተረጉማቸውም፤ እንደተጻፉ ይገለበጣሉ።

ኅዳር 5

ቁጥር መጻፍ። የድሮዎቹ ቁጥሮች በምን ተጽፈው እንደተላጡ ስንመረምር፣ ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «በጥፍር ቀለም ቀብቼ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ያኔ ሌላ ምን ነበር?» አሉ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ ብዙ የዓለም ሙዚየሞችም ይህንኑ ያደርጉ ነበር። ጥፍር ቀለም ግን ከጊዜ ጋር ይቢጫል፤ ይሰነጠቃል፤ ሲላጥም ቁጥሩን ይዞ ይነሣል።

አሁን የምንጠቀመው ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለውን ሙጫ መሰል ሬዚን ነው፤ አሴቶን ውስጥ ሟሙቶ በቀጭን ብሩሽ ይቀባል። አንድ ስስ ሽፋን በማይታይ ቦታ እንቀባለን፤ ሲደርቅ ቁጥሩን በቀለም እንጽፋለን፤ ከላዩ ሌላ ሽፋን እንጨምራለን። ጥቅሙ በኋላ የሚመጣ ሰው በአሴቶን ሊያነሣው መቻሉ ነው። ለብረት፣ ለሸክላና ለቀንድ ዋንጫ ይሠራል። ለልብስና ለቆዳ አይሠራም፤ ለልብስ ቁጥሩ በጥጥ ጥብጣብ ላይ ተጽፎ በሁለት ስፌት ይያዛል፤ ለብራና መጽሐፍ ደግሞ በለስላሳ እርሳስ፣ በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ጥግ ላይ ብቻ ይጻፋል። መሶብና አገልግል ያስቸግራሉ፤ በክር የሚንጠለጠል ካርድ ነው ያደረግንላቸው፤ ካርድ ሊበጠስ ስለሚችል ግን አልወደድኩትም።

ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ከተማው በሙሉ ቆሻሻውን እያጠነ ስለሆነ ጭሱ እስከ ዕቃ ቤቱ በር ደርሷል። መስኮቶቹን ዘግተን፣ ምንም ዕቃ ሳናወጣ፣ የሳንቲሞቹን ሣጥን ብቻ ጠረጴዛ ላይ አደረግን።

መስመር 131 እንዲህ ይላል፦ «ማርትሬዛ ብር፣ ብዛት 7፣ በ1772 ዓ.ም. የተሠራ»። ይህን የጻፈው ሰው ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ሳንቲሙ ላይ 1780 የሚል አንብቦ፣ የፈረንጅ መሆኑን ዐውቆ፣ ስምንት ቀንሶ አስገብቶታል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ መረጃው ግን ስሕተት ነው። 1780 ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተመታው ማርትሬዛ ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የተመታው። ኢጣሊያ እንኳ ኢትዮጵያን ለመውረር በተዘጋጀችበት በ1935 በአውሮፓውያን ሮም ላይ ስትመታው ዓመቱን አልቀየረችም። ስለዚህ ሰባቱ ብሮች በሰባት የተለያዩ ዘመናት የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለዚህ ነው ኦብጀክት አይዲ «በላዩ ያለ ጽሑፍ» እና «ዘመን» የሚሉትን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ያደረገው። በመጀመሪያው 1780 ብለን ጻፍን፤ በሁለተኛው «ከ1780 ወዲህ፣ በአውሮፓውያን» ብለን ተውነው። ሰባቱንም ለየብቻ መዘንን፤ ማርትሬዛ በደንቡ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስፋቱም ወደ 40 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ስድስቱ በዚያ ዙሪያ ወጡ። ሰባተኛው 25.9 ግራም ሆነ፤ ዙሪያውን በጣቴ ስዳስሰው አናቱ ላይ ቀዳዳ ተበስቶ በኋላ የተደፈነበት ቦታ አለ። በአንገት ጌጥ ላይ የነበረ መሆን አለበት። ልዩ ምልክት ይሏችኋል ይህ ነው። የድሮውን የ1772 ጽሑፍ አልሰረዝንም፤ «በቀድሞው መዝገብ እንደተጻፈ» በሚል ዓምድ ሥር ተቀምጧል።

ኅዳር 20

ፎቶ ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ሆነ። ለአንድ ዕቃ በአማካይ አራት ፎቶ እናነሳለን፤ በእያንዳንዱ ላይ መለኪያ ማስመሪያ፣ ግራጫ ካርድና ቁጥሩ ይታያሉ። ጉሙ ሲገፈፍ የሰሜኑ መስኮት የሚሰጠው ብርሃን ከገዛነው መብራት ይበልጣል።

ስለ ፋይሉ ዓይነት የወሰንነው ይህ ነው። ካሜራው 24 ሜጋፒክስል ነው፤ ያልተጨመቀ ቲፍ ብናደርገው አንዱ ፎቶ ቢያንስ 72 ሜጋባይት ይወስዳል። ለብራና መጻሕፍት ብቻ ቲፍ እንይዛለን፤ ለሌላው የካሜራውን ጥሬ ፋይል እናስቀምጥና ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ጄፔግ እናወጣለታለን። የፋይሉ ስም የዕቃው ቁጥርና የፎቶው ተራ ብቻ ነው፤ አሮጌ የማሸጊያ ፕሮግራሞች የአማርኛ ስም ሲያበላሹ ስላየን በፋይል ስም ውስጥ ፊደል አናስገባም።

ማክሰኞ ዕለት ወደ ውጫዊው ዲስክ እየገለበጥን ሳለ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ቀጠልን፤ ፎልደሩን ስንከፍት ሁሉም ስሞች ነበሩ። ባልደረባዬ ግን ለእያንዳንዱ ፋይል አሻራ ታወጣለች፤ ይህ ሻ-256 የሚባል ስሌት ሲሆን፣ የትኛውንም ፋይል አንብቦ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይሰጣል፤ ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነቁጥ ብትቀየር መለያው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ዋናውንና ቅጂውን ስታነጻጽር ሦስቱ አልገጠሙም። ከሦስቱ አንዱን ስንከፍተው፣ የአንድ ጸናጽል ፎቶ እስከ እጀታው ድረስ ደህና ሆኖ ከዚያ በታች ግራጫ ነበር። አሻራው ከፋይሉ ስም ጎን በሰንጠረዡ ውስጥ ዓምድ አለው፤ በየወሩ መጀመሪያ ሁሉም እንደገና ይመረመራል። ፋይሎቹም በዚህ ምክንያት የራሳቸው መዝገብ አላቸው፤ ማን እንዳነሣ፣ መቼ፣ ከየትኛው ጥሬ ፋይል እንደወጣ የሚገልጽ። ዕቃውን እየቆጠሩ ፎቶውን አለመቁጠር ያለፈውን ሙከራ ያከሸፈ ስሕተት ነው።

ኅዳር 25

ስለ አጻጻፍ። አንድ ጎብኚ «ስዕል» ብሎ ቢፈልግ ካታሎጋችን ምንም አያገኝለትም ነበር፤ እኛ «ሥዕል» ብለን ስለጻፍን። «ሥእል» እና «ስእል»ም አሉ። ጸናጽል እና ፀናፅል፣ ዐውድ እና አውድ፣ ሐይቅና ሀይቅ እንዲሁ። ለአንባቢ አንድ የሆነው ድምፅ ለኮምፒውተር የተለያየ ፊደል ነው። አጻጻፉን በግድ አንድ ማድረግ አልፈለግንም፤ በተለይ የድሮው መዝገብ አጻጻፍ ራሱ መረጃ ነው። የሠራነው የማይታይ አንድ ዓምድ ነው፤ በእሱ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነዘራቸው ይቀየራሉ፤ ፍለጋው የሚካሄደው በዚያ ነው፤ የሚታየው ግን እንደተጻፈ የቀረው ነው።

ወሎ ነውና በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ መጻሕፍትም አሉን፤ ከእነሱ መካከል ቋንቋው አማርኛ ሆኖ ፊደሉ ዐረብኛ የሆነ የዐጀም ጽሑፍ ይገኝበታል። «ቋንቋ» እና «ፊደል» የሚሉትን ሁለት ዓምዶች ማድረግ ያስፈለገው ለእነዚህ ነው። ርእሳቸውን የሚያነብልን ሼህ ለነገ ቀጥረናል።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ለአባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው አራቱ ወንጌል እዚያ ነው ያለው፤ የገዳሙን መጻሕፍት የሚዘረዝር ጥንታዊ ጽሑፍም በውስጡ ተመዝግቧል፤ ካታሎግ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ይመሰክራል። በ1973 በአውሮፓውያን የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ሥራ (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኢኤምኤምኤል) መጽሐፉን ሲያነሣው 1832 የሚል ቁጥር ሰጠው። ዛሬ አንድ ተመራማሪ «ኢኤምኤምኤል 1832» ካለ ሌላው ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ቁጥሩ የፊልሙ እንጂ የመጽሐፉ አይደለም፤ ፊልሙ የራሱ ቁጥር ስላለው ግን መጽሐፉን ተከትሎ ዓለም ዞሯል።

ታኅሣሥ 7

ቁጥር ያልነበራቸውን 41 ዕቃዎች ጨረስናቸው። 26ቱ በልካቸው፣ በተገኙበት ቦታና በጋሼ ትዝታ ከመስመራቸው ጋር ተገናኙ፤ ትዝታ መሠረት የሆነባቸው ላይ «በቃል ምስክርነት» የሚል ተጽፏል። 15ቱ ጊዜያዊ ቁጥር ይዘዋል። ያልተገኙት መስመሮች 63 ሆኑ።

በ63ቱ ላይ ምን እንጻፍ የሚለው የሥራው ሁሉ ከባዱ ውይይት ነበር። ባልደረባዬ «በ2014 በጦርነቱ ተዘርፏል» ተብሎ ይጻፍ አለች፤ የተናገረችው በንዴት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰሞን ደሴ ውስጥ ቅርስ መዘረፉ በሰፊው የተዘገበ ነው፤ የኛም ቤት በር ተሰብሮ ነበር። የኔ ክርክር ግን ይህ ነበር፦ ከጦርነቱ በፊት የመጨረሻው ሙሉ ቆጠራ መቼ እንደተደረገ የሚያሳይ ሰነድ የለንም። ከ63ቱ አንዱ እንኳ ከዚያ በፊት በሌላ መንገድ የወጣ ሆኖ ቢገኝ፣ ስለ ሌሎቹ 62 የምንለውም አይታመንም። የተስማማንበት ቃል «አልተገኘም» የሚል ነው፤ ከጎኑ «ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀንና ማስረጃው» የሚል ዓምድ አለ። ፎቶ፣ ሞዴል 22፣ የጎብኚ ማስታወሻ፣ የጋሼ ቃል፣ የተገኘው ሁሉ እዚያ ይገባል። በ2013 የተነሣ ፎቶ ላይ የሚታይ ዕቃ ዛሬ ከሌለ፣ አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

ሌላው ደንብ ያልተገኘ ዕቃ ቁጥር ለሌላ አይሰጥም የሚለው ነው። ባዶ መስመር ያስቀይማል ብሎ የሞላ ሰው የጠፋውን ዕቃ ሁለተኛ ጊዜ ነው የሚያጠፋው።

ኢንተርፖል ከ50,000 በላይ የተሰረቁ ቅርሶችን የያዘ የመረጃ ቋት አለው፤ በ2021 በአውሮፓውያን የወጣው አይዲ-አርት የተባለው የስልክ መተግበሪያም ማንም ሰው እዚያ ውስጥ እንዲፈልግ ያስችለዋል። ዕቃ የሚገባው ግን በየአገሩ ባለው ቢሮ በኩል ነው፤ በማያሻማ ሁኔታ የሚለይ መሆንም አለበት። «ጋሻ፣ ብዛት 1፣ ጥሩ» የሚል መስመር ወደዚያ አይገባም። ከ63ቱ ውስጥ በድሮዎቹ 1,140 ፎቶዎች መካከል ፎቶ ያገኘንላቸው ዘጠኙ ብቻ ናቸው።

ታኅሣሥ 16

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ፤ የተለመደው ምክር ይህ ነው። የመጀመሪያው ሐሳባችን ውጩን ቅጂ ኮምቦልቻ ማስቀመጥ ነበር፤ ቅርብ ነው፤ በሚኒባስ ይደረሳል፤ አየሩም ከደሴ ይልቅ ደረቅና ሞቃት ነው። ጋሼ ናቸው ያስታወሱን፤ «በ2014 ደሴ ሲያዝ ኮምቦልቻስ የት ነበር?» አሉ። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ሰሞን ነው የተያዙት። ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ እንዳልሆነ ገባን፤ አንድ አደጋ ሁለቱንም የሚያገኛቸው ከሆነ ሁለቱ ቦታዎች አንድ ናቸው። ኮምቦልቻ ያለው ቅጂ ለዕለት ጉዳት ይቆያል፤ ሦስተኛው አዲስ አበባ ሄዷል።

ለሕዝብ የሚታየው ቅጂ የመደርደሪያ ቦታ፣ የሰጪ ስምና የዋጋ ግምት የሉትም።

ጥር 8

ሪዮ ዴ ጄኔሮ የሚገኘው የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም በ2018 በአውሮፓውያን ሲቃጠል፣ የሙዚየም ጥናት ተማሪዎች ጎብኝዎችን ያነሣችሁትን ፎቶ ላኩልን ብለው ነበር። ያንን አስታውሰን እኛም ከአንድ ወር በፊት በቴሌግራም ጥሪ አቅርበን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ብዙም አልጠቀሙን፤ ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ይጨምቀዋል፤ የተነሣበትን ቀንም ያራግፈዋል። «እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ» ብለን እንደገና ጻፍን።

ትናንት ማታ አንዲት እናት ከሸዋ በር ሰፈር የልጃቸውን የትምህርት ቤት ጉብኝት ፎቶ ላኩ። ስምንት ተማሪዎች ቆመዋል፤ ከኋላቸው፣ ከግራ በኩል ከሦስተኛው ልጅ ትከሻ በላይ፣ ግድግዳ ላይ አንድ ጋሻ ይታያል። ፋይሉን ከፍ አድርገን ስናየው፣ ከመሐሉ ጉብታ ወደ ታችኛው ጠርዝ የሚወርድ ስንጥቅ አለው፤ ስንጥቁ በነጣ ጠፍር በሰባት ስፌት ተይዟል፤ አራተኛው ስፌት ከሌሎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ያዘነበለ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፤ «ሃምሳ ስምንት» አሉ። መስመር 58 «ጋሻ፣ ብዛት 1፣ ጥሩ» ነው የሚለው።

ልኩን በግድግዳው ድንጋዮች መጠን ገምተን አስገባን፤ ድንጋዮቹ ዛሬም እዚያው ስላሉ ሄደን በሜትር ለካናቸው። የልጆቹ ፊት በማይታይበት መልክ የተቆረጠ ቅጂ አዘጋጅተን፣ ዋናውን ፋይል ከነአሻራው ለብቻ አስቀመጥን። የተነሣበት ቀን ግንቦት 2013 ነው። ደሴ-0058፦ ልዩ ምልክት ተሞልቷል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀን ተሞልቷል፤ ሁኔታ፦ አልተገኘም።